የሚዘገይ ትከሻ

ማቶዚኞስ ወደብ ላይ፣ የሰርዲን ማሸጊያ የነበረ ቤት
ዛሬ ጂም ሆኗል፤ ግን ዓሣ ዓሣ ይሸታል ዝናብ የመጣ ዕለት።
በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ በሰማያዊ ቀለም፦
«የግል አሰልጣኝ፣ በሰዓት ሃያ አምስት ዩሮ። ቅናሽ የለም።»

ሦስት ሳምንት ሆነኝ ሳነበው፣
ጫማዬን የማስር መስዬ አጎንብሼ በልቤ ስደምረው፣
ስቀንሰው።

እኔ ግራሲየት ፒያኖ ቃኚ ነኝ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
ደረጃ ወጥቼ ደረጃ የወረድኩ፣ ፖርቶ ዳገት ነው ሁሉ፤
ቁልፌን በቦርሳዬ፣ የመቃኛ ሹካዬን በኪሴ፣
በሰው ፒያኖ ሆድ ውስጥ ተጎንብሶ ያለቀ ትከሻ ነው የራሴ።

«ጡንቻሽን አጠንክሪ» አለች ሐኪሟ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።
እሺ፣ ላጠንክር። ግን ለዚህ ደግሞ ሰው ይቀጠራል?
እስከ አሥራ ሁለት ለመቁጠር?
ስልኬ ውስጥ በነጻ አለችልኝ፣ አንዲት ቀጭን ሴት፣ «አይዞሽ» ትላለች፤
ካቆምኩ በኋላ እንኳ፣ ሶፋ ላይ ተጋድሜ፣
«ጎበዝ! እንዲያ ነው!» እያለች ታጨበጭባለች።

ሌላም አለ፣ ለሰው የማላወራው፦
በሃምሳ ስምንት ዓመት ምንጣፍ ላይ ተንጋልሎ
እግር መስቀል ያሳፍራል፤
አሰልጣኙ ቫልደማር ደግሞ የወንድሜን ልጅ ያክላል፣
አንገቱ ላይ መልሕቅ ተነቅሷል።

ፎዝ የሚኖሩ ደንበኛ ነበሩኝ፣ ሴኞር አናክሌቶ፣ ፋርማሲ የነበራቸው።
«ጆሮ አለኝ፤ ለምን ለሰው ጆሮ እከፍላለሁ?» አሉና ቁልፍ ገዙ በገንዘባቸው።
አንድ ክረምት ሙሉ ጠመዘዙ፣ አላሉ፣ ጠመዘዙ፤
በመጨረሻ አውታሩ ተበጥሶ ጉንጫቸውን ሰነጠቀው።
ስደርስ ጥጥ ይዘው ተቀምጠዋል።
«እኔ ጆሮ ግን ጥሩ ነበር» አሉኝ።
እውነታቸውን ነው። የለመዱት ስሕተት ዜማ ይሆናል።

ይህንም አስታውሼ አልወሰንኩም።
እሳቸው ፋርማሲ ነበራቸው፤ እኔ ያልከፈልኩት
የማሞቂያ ሒሳብ አለብኝ፣
ሃያ አምስት ዩሮ ደግሞ ለአንድ ሰዓት፣
ለአንድ ሰዓት!
የአንድ ፒያኖ ቅኝት እኩሌታ ሊሆን ትንሽ የቀረው ነው፣ ብታምኑኝ።

ማክሰኞ ማታ። ጣራው ያፈሳል።
አራት አራት ኪሎዬን ይዤ እጄን ወደ ላይ፣ ወደ ታች።
ቫልደማር ባልዲና መወልወያ ይዞ በጎኔ ሊያልፍ ሲል ቆመ።
«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ፣ «ግራዎ ይዘገያል።»
«ምኔ?»
«ግራ ትከሻዎ። ከቀኙ ኋላ ነው የሚነሣው።
ትንሽ ነው። አንገትዎ ሊሸፍንለት ይሞክራል።»
ከዚያ ውሃውን ወልውሎ ሄደ።
ስለ ዋጋ ምንም አላለም።

ትንሽ ነው።

በአንድ ቁልፍ ሥር ሦስት አውታር አለ፣ እንደ አንድ መናገር ያለበት፤
አንዱ የፀጉር ያህል ሲያፈነግጥ
ድምፁ ይንቀጠቀጣል፣ ነፋስ እንደነካው ውሃ፣ አንዳች እንደገባበት።
ባለቤቱ አይሰማውም፣ አብሮት ኖሮ ለምዶታል፤
እኔ ግን ከደጅ ገብቼ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ ይሰማኛል።
ለዚያች ትንሽ ነው ሠላሳ አንድ ዓመት የከፈሉኝ፣
ለዚያች ትንሽ ነው በየደረጃው «ውድ ነሽ» ያሉኝ።

ጅማት ጅማት ነው ለካ፣ በእንጨት ሣጥን ይወጠር ወይ በሥጋ፤
የራሱን ቅኝት ማን ሰምቶ ያውቃል፣ የሌላ ጆሮ ሳይጠጋ?

እንዲህ አልኩና፣ ደግሞ በራሴ ሣቅሁ፤
ፈላስፋ ሆንሽ አልኩ፣ ገንዘብሽን ልታወጪ።
ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ።

በባቡሩ መስኮት ጨለማ ላይ ትከሻዬን ባየው፣ ባየው፣
ግራና ቀኙ እኩል ይመስላል።
ለኔ ፍጹም እኩል።
ቦርሳዬን ከፍቼ ቆጠርኩ።
ሃያ አለኝ። አምስት ይጎድላል።